ወተት ከገበታችን ሲወጣ ቦታውን ምን ይሙላው?

ሱሉልታ ዳር ያለው ሰፈራችን ጠዋት የሚነቃው በወተት ነው። ጉሙ ሳይገፈፍ ጀሪካን የያዙ ሴቶች ከገጠሩ መንገድ ብቅ ብቅ ይላሉ። በር ይንኳኳል፣ ድስት ይወጣል፣ ወተቱ ይሰፈራል። ጎረቤቴ ከደንበኞቹ ሁሉ ቀዳሚዋ ነበረች። አንድ ሊትር ለልጆቿ፣ ግማሽ ሊትር ለባለቤቷ። ባለፈው ወር ግን ወተት ሻጯ በሯን አልፋ ስትሄድ አየሁ።

ምነው ብዬ ስጠይቃት ሦስት ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፈችልኝ። ዋጋው አልቀመስ ብሏል። ባለቤቷ ወተት በጠጣ ቁጥር ሆዱ ይነፋል። ደግሞ ወተት ውስጥ መርዝ አለ የሚል ወሬ ሰምታለች። ከዚያ ቀና ብላ «እስቲ አንቺ ታነቢያለሽ፤ በምን ልተካው?» አለችኝ።

ያን ዕለት የመለስኩላት ባጭሩ ነበር። ጥያቄው ግን የእሷ ብቻ አይደለም። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ለገጣፎም ያሉ ዘመዶቼ ይህንኑ ይጠይቁኛል። ስለዚህ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

«ምትክ» ስንል የምን ምትክ ነው?

በእድራችሁ አንድ ሰው ሰብሳቢም፣ ጸሐፊም፣ ገንዘብ ያዥም ሆኖ ለዓመታት አገልግሏል እንበል። አንድ ቀን ሰፈር ለቀቀ። እንደ እሱ ሦስቱንም የሚችል ሰው እስኪገኝ እንጠብቅ ካላችሁ እድሩ ይፈርሳል። ደግነቱ ማንም እንዲህ አያደርግም። ሥራው ይከፋፈልና ለዚህኛው እከሌ፣ ለዚያኛው እከሊት ይባላል።

ወተትም በቤታችን ብዙ ሥራ ደርቦ የያዘ ነው። አንድ ትልቅ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር የላም ወተት፣ 8 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ለአጥንትና ለጥርስ የሚሆነው ካልሲየም ደግሞ ወደ 300 ሚሊግራም ይደርሳል። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚመከርለት 1,000 ሚሊግራም ነው። በዚህ ላይ ቫይታሚን ቢ12 አለ። ጉልበት የሚሰጥ ስብና ስኳር አለ። ከዚያ ደግሞ ጣዕሙ አለ፦ የማኪያቶው ልስላሴ፣ የቅቤው ሽታ፣ በርበሬ ያቃጠለውን አፍ የሚያበርደው አይብ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሚተካው መልኩን ነው። ነጭ ፈሳሽ በነጭ ፈሳሽ ይለውጥና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ወተትን ስትተዉ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ከእነዚህ ሥራዎች በእኔ ቤት የትኛውን ነበር የሚሠራልኝ? የምትፈልጉት ምትክ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ወተት ሆድ የሚነፋው ለምንድን ነው?

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ላክቶስ የሁለት ትናንሽ ስኳሮች ጥምር ነው። በአንድ ቀንበር የተጠመዱ ሁለት በሬዎች አስቡ። ማታ ከእርሻ ሲመለሱ የበረቱ በር ጠባብ ነው። ቀንበሩ ሳይፈታ አይገቡም። ገበሬው ሲፈታቸው አንድ በአንድ ይገባሉ።

በትንሹ አንጀታችን ውስጥ ያ ገበሬ ላክቴዝ ይባላል። ላክቶስን ለሁለት የሚፈታ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት ሰውነት ራሱ የሚያመርተው፣ ምግብን የሚሰባብር ንጥረ ነገር ነው። ላክቴዝ በበቂ መጠን ካለ ስኳሮቹ ተለያይተው ወደ ደም ይገባሉ። ከሌለ ግን በሬዎቹ እንደተጠመዱ በሩን አልፈው ይሄዱና የሰው ማሳ ውስጥ ይገባሉ። ማሳው ትልቁ አንጀት ነው። እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ስኳሩን ያብላሉታል። ጋዝ ይፈጠራል፣ ውሃ ወደ አንጀት ይሳባል። መነፋቱ፣ ማጉረምረሙ፣ ቁርጠቱና ተቅማጡ የሚመጣው ከዚህ ነው። ብዙ ጊዜ ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ።

ሕፃን ሁሉ ማለት ይቻላል ላክቴዝ ይዞ ይወለዳል፤ የእናቱ ጡት ውስጥም ላክቶስ አለና። ከጡት ከወጣ በኋላ ግን በብዙ ሰው ላይ ምርቱ ቀስ እያለ ይቀንሳል። በዓለም ላይ ካሉ ጎልማሶች ከግማሽ የሚበልጡት እንዲህ ናቸው። ስለዚህ በሽታ ብለን ባንፈራው ጥሩ ነው። በእኛ አገር ሁኔታው ከማኅበረሰብ ማኅበረሰብ ይለያያል። ለብዙ ትውልድ ግመልና ከብት እያረቡ በወተት በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ላክቴዝ እስከ እርጅና የሚቆይላቸው ሰዎች ይበዛሉ።

ሁለተኛ ዓይነትም አለ፤ ጊዜያዊው። ጃርዲያ ወይም ከባድ ተቅማጥ የአንጀትን ግድግዳ ሲጎዳ ላክቴዝ የሚያመርተው ክፍል አብሮ ይጎዳል። ጃርዲያው በመድኃኒት ከጠፋ በኋላም ለሳምንታት ወተት አልስማማ ሊል ይችላል። አንጀቱ ሲያገግም ይመለሳል።

ይህን ያወቅነው በቤታችን ከደረሰ በኋላ ነው። ወንድሜ ሁለት ዓመት ያህል ከአንድ ክሊኒክ ሲመላለስ ኖረ። በሄደ ቁጥር «አሜባ ነው» ይባላል፣ ኪኒን ይዞ ይመጣል። አንድም ቀን ስለሚበላውና ስለሚጠጣው የጠየቀው ሰው አልነበረም። ማታ ማታ አንድ ብርጭቆ ትኩስ ወተት የመጠጣት ልማድ ነበረው። ሆድን ያሽራል ተብሎ ነው የሚጠጣው። ያንን ሲተው ነገሩ ረገበ።

የእኔ ችግር ወተት መሆኑን በምን ልወቅ?

ጾም የሚጾም ሰው በየዓመቱ ሳያውቀው ራሱን ይፈትናል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ወተትም፣ ቅቤም፣ አይብም የለም። ከዚያ ፋሲካ ይመጣል፤ ወተቱም ቅቤውም አይቡም በአንዴ ይመለሳሉ፣ ሆድም ይታመማል። የሆድ ሕመሙ የዶሮው ወጥ ነው፣ የጠላው ነው ይባላል። ሊሆንም ይችላል፤ በአንድ ቀን ብዙ ስብና ብዙ ሥጋ ለሆድ ከባድ ነው። ሌላ የሚያደናግር ነገርም አለ። በጾም ወቅት ሽሮውና ባቄላው ራሳቸው ጋዝ ይፈጥራሉ።

ስለዚህ ንጹሕ ሙከራ ይሻላል። ሁለት ሳምንት ወተት ተዉ፤ ሌላውን አመጋገብ አትቀይሩ። ሕመሙ ከቀነሰ አንድ ብርጭቆ ጠጡና እዩ። ከተመለሰ ምልክቱ ጠንካራ ነው። ክብደት መቀነስ፣ ደም የቀላቀለ ሰገራ፣ ትኩሳት ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ግን ሙከራውን ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። እነዚህ የላክቶስ ምልክቶች አይደሉም።

አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምር። ላክቶስ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ሰዎች 12 ግራም ያህሉን በአንድ ጊዜ ቢወስዱ ብዙም አይሰማቸውም፤ በተለይ ከምግብ ጋር። ይህ ሩብ ሊትር ወተት ውስጥ ያለው መጠን ነው። በማኪያቶ ስኒ ውስጥ ያለው ወተት ደግሞ ከዚህ በጣም ያንሳል። «ወተት አይስማማኝም» ያለ ሰው ሁሉ ማኪያቶውን መተው የለበትም።

ቅቤውንም አይቡንም ልተው?

ችግሩ ላክቶስ ከሆነ አያስፈልግም። የእናቶቻችን አሠራር እዚህ ላይ ትልቅ ሥራ ሠርቶልናል። ወተቱ ሲረጋ ባክቴሪያዎቹ ከስኳሩ የተወሰነውን ይበላሉ፤ እርጎ ኮምጠጥ የሚለው ለዚያ ነው። ሲናጥ ቅቤው ይወጣል፤ ቅቤ ስብ ነው፣ ላክቶሱ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የነጠረው ደግሞ ጭራሽ የለውም ማለት ይቻላል። የቀረው አሬራ ሲሞቅ አይቡ ይረጋና አጓቱ ይለያል፤ ከተረፈው ላክቶስ አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ይሄዳል።

የጎረቤቴ ባለቤት ያልረጋውን ወተት ትቶ እርጎ በትንሹ ቢሞክር ሳይስማማው አይቀርም አልኳት።

ልጄን ወተት ሲነካው ያብጣል፤ ይህስ ያው ነው?

አይደለም። ይህ የወተት አለርጂ ነው። ላክቶስ ስኳር ነው፤ አለርጂ ግን የሚነሳው ከወተቱ ፕሮቲን ነው። የሰውነት መከላከያ ፕሮቲኑን እንደ ጠላት ይቆጥረዋል። ቆዳ ላይ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈርና ዓይን ያብጣል፣ ያስመልሳል፣ አንዳንዴ ትንፋሽ ያጥራል። በብዛት የሚታየው በትንንሽ ልጆች ላይ ነው። ብዙዎቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ማለት አይሠራም። አይብም፣ እርጎም፣ ቅቤም ይቀራል። የፍየል ወተትም መፍትሔ አይደለም፤ ፕሮቲኑ ከላም ወተት ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቡና ላይ የሚነሰነሰውን ክሬመርም ተጠንቀቁ። «ከወተት ነጻ» እየተባለም ኬዝኔት የሚባል የወተት ፕሮቲን የተጨመረበት አለ። ለጾመኛም ይህ ይመለከተዋል። ትንፋሽ ካጠረ ጊዜ ሳያጠፉ ሆስፒታል ነው።

«መርዝ አለበት» የሚባለው እውነት ነው?

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ አለ። እርጥበት ያገኘው እህልና የቅባት እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ ነው የሚያመርተው። በከተማው ዙሪያ ያሉ የወተት ላሞች ፋጉሎ ይበላሉ። ፋጉሎ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው የኑግ ወይም የሌላ ቅባት እህል ቂጣ ነው። ፋጉሎው ከሻገተ ላሟ መርዙን ትበላለች። ከፊሉ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ላይ ተመራማሪዎች ለአዲስ አበባ ወተት ከሚያቀርበው አካባቢ 110 የወተት ናሙና ወስደው መርምረዋል። በሁሉም ላይ አፍላቶክሲን ተገኝቷል። ከአራት አንድ የሚሆነው አሜሪካ ከምትፈቅደው ጣሪያ በላይ ነበር። ያ ጣሪያ በሊትር 0.5 ማይክሮግራም ነው። ዋናው ምክንያት የኑግ ፋጉሎው እንደሆነ ታውቋል።

ይህን ስታነቡ ሁለት ነገር አብራችሁ ያዙ። አንደኛ፣ ይህ ጠጥቶ ወዲያው የሚጥል መርዝ አይደለም። ጉዳቱ ለረጅም ዓመታት ሲወሰድ ጉበት ላይ ነው። ሁለተኛ፣ ማፍላት አያጠፋውም። ማፍላት ለሌላ ነገር ግድ ነው፤ ጥሬ ወተት የሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ ሊያስተላልፍ ይችላል። አፍላቶክሲን ግን እሳት የሚበግረው አይደለም። መፍትሔው ያለው ላሟ የምትበላው ላይ ነው። የሻገተ መኖ ስታቆም ወተቷ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻሻላል። ከሰፈር ላም የምትገዙ ከሆነ ባለላሟን ስለ ፋጉሎው መጠየቅ ነውር የለውም። የት ነው የሚቀመጠው? መሬት ላይ ነው ወይስ ከፍ ያለ ደረቅ ቦታ?

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንዳልኩ ልንገራችሁ። ጎረቤቴ አፍላቶክሲኑን ፈርታ ወተቱን በኦቾሎኒ ወተት ልትተካው አስባ ነበር። ኦቾሎኒ ደግሞ ይህ ሻጋታ አጥብቆ ከሚወዳቸው እህሎች ግንባር ቀደሙ ነው! ወተት ውስጥ የሚገኘው በላሟ በኩል ተጣርቶ የመጣው ነው፤ ኦቾሎኒ ላይ ግን መርዙ በቀጥታ ነው ያለው። መቁላትም ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። ኦቾሎኒ አትብሉ አልልም። ግን የተፈጨ ከመግዛት ፍሬውን ግዙ። ከመቁላታችሁ በፊት በብርሃን ልቀሙት። የጨማደደውን፣ የጠቆረውን፣ የሻገተውን፣ መራራውን ጣሉት። ለዶሮም አትስጡት።

ካልሲየሙን ከየት አገኛለሁ?

ከወተት ሥራ ለመተካት የሚከብደው ይህ ነው። የእኛ ገበታ ግን ከብዙ አገር ገበታ የተሻለ ዕድል አለው።

መቶ ግራም የጤፍ ዱቄት 160 ሚሊግራም ገደማ ካልሲየም አለው። ስንዴና ሩዝ አጠገቡም አይደርሱም። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንጀራ የሚበላ ሰው ሳያስበው ጥሩ ድርሻ ያገኛል። ችግሩ ጤፍ ሲወደድ እኛ ዳር ሰፈር የምንኖር ሰዎች ሩዝ እንቀላቅላለን። እንጀራው ነጭ ይሆናል፣ ያምራል። ሩዝ ግን በመቶ ግራም 10 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው ያለው። ግማሽ ሩዝ ከሆነ የእንጀራችሁ ካልሲየም በግማሽ ያህል ወረደ ማለት ነው። ወተትና ጤፍ በአንድ ዓመት ውስጥ አብረው ከቤት ሲቀንሱ ጉዳቱ ድርብ ይሆናል። ይህ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም ማንም አያስተውለውም።

መቀላቀል ካለብን ዳጉሳ እንቀላቅል። ዳጉሳ በመቶ ግራም 340 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ ከጤፍ እጥፍ ነው። ከእህል ዘር በካልሲየም የሚስተካከለው የለም። እንጀራው ጠቆር ይላል፤ እሱን መልመድ ነው። ለገንፎም፣ ለቂጣም ይሆናል።

ቀጥሎ ጎመን። የሀበሻ ጎመንና ዘመዶቹ በመቶ ግራም ከ150 እስከ 250 ሚሊግራም አላቸው። ደግነቱ ካልሲየማቸው በቀላሉ ወደ ሰውነት ይገባል። ከወተት የሚገባልን ሲሶው ያህል ነው፤ ከጎመን ግን እስከ ግማሽ ይደርሳል። ቆስጣና ስፒናች ከጎመን ጎን ስለሚሸጡ አንድ ይመስላሉ። አይደሉም። ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገር አለባቸው። ካልሲየሙን ጨብጦ አልለቅም ይላል። ከስፒናች የሚገባልን ከመቶ 5 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ቆስጣ ለሌላ ነገር ብሉት፤ ለካልሲየም ግን ጎመን።

እህልና ጥራጥሬ ውስጥም ፋይቴት የሚባል ተመሳሳይ ጨባጭ አለ። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ ይቀንሳል። ሁለት ሦስት ቀን የምናቦካው ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው። ሰሊጥ ከነገለባው አንድ የሾርባ ማንኪያ ከ80 ሚሊግራም በላይ አለው፤ ሆኖም አብዛኛው ገለባው ላይ ስለሆነና ኦክሳሌትም ስላለበት ብቻውን አትመኩበት።

ነፍሰ ጡሮች ለየት ብለው ይታዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ካልሲየም በምግብ በሚያንስባቸው አካባቢዎች ለነፍሰ ጡሮች በቀን ከ1.5 እስከ 2 ግራም ካልሲየም በኪኒን ይመክራል። በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን አደገኛ የደም ግፊት ለመከላከል ነው። በክትትል ቀን ይህን መጠየቅ ተገቢ ነው።

የጾሙ ወተት የላሙን ይተካል?

እንደየዓይነቱ ነው። በፕሮቲን ወደ ላም ወተት የሚጠጋው የአኩሪ አተር ወተት ብቻ ነው፤ በመቶ ሚሊ ሊትር 3 ግራም ገደማ። ከአጃና ከሩዝ የሚወጣው አንድ ግራም ቢያገኝ ነው። ካልሲየሙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ቤት ውስጥ የምንጨምቀው አኩሪ አተር ካልሲየሙ ከላም ወተት ሩብ እንኳ አይሞላም። ታሽጎ የሚሸጠው ሲመረት የተጨመረበት ሊሆን ይችላል፤ ካርቶኑ ላይ «ካልሲየም» የሚለውን ቁጥር አንብቡ። በመቶ ሚሊ ሊትር 120 አካባቢ ካለ የወተትን ሥራ ይሠራል። ስኳሩንም እዩት።

ቤት ለምትሠሩ አንድ ነገር ላሳስብ። አኩሪ አተሩን ሌሊት ዘፍዝፉ፣ ጠዋት አሽታችሁ ቅርፊቱን አውጡ፣ በብሌንደር ፈጭታችሁ በንጹሕ ጨርቅ ጨምቁ። እስከዚህ ቀላል ነው። ከዚያ ሰፊ ድስት ላይ ይጣዳል። ገና ሳይፈላ አረፋው ድንገት ብድግ ይላል፤ ብዙ ሰው ፈላ ብሎ የሚያወርደው ያኔ ነው። አልፈላም። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው፤ የሚጠፋው በደንብ ሲበስል ነው። እሳቱን ቀንሱና እያማሰላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ አፍሉት። እኛ ሱሉልታ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን፤ ውሃ በ91 ወይም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ ጨምሩበት እንጂ አትቀንሱ። የተረፈውን ገፈት አትድፉት፤ ሽሮ ውስጥ ገብቶ ይበስላል።

ሱፍ ሌላ ነው። ታጥቦ፣ ታመስ ተደርጎ፣ ተወቅጦ፣ በለብታ ውሃ ተበጥብጦ፣ ተጠልሎ የሚወጣው ያ ነጭ ፈሳሽ በፍትፍት ላይ ሲፈስስ የሚሰጠውን ደስታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጥሩ ስብ ይሰጣል፣ ያጠግባል። የፕሮቲኑንና የካልሲየሙን ወንበር ግን ለሽሮውና ለጎመኑ ተዉለት።

የቅቤው ጣዕምስ?

ቅቤ ካልሲየምም ፕሮቲንም የለውም ማለት ይቻላል። ሲቀር የሚጎድለው ሽታው ነው። ሽታውን የሚሰጠው ደግሞ ግማሹ ቅመሙ ነው። ዘይት በለስላሳ እሳት ላይ አድርጋችሁ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ትንሽ እርድና ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ። ሳይጠቁር አውርዳችሁ አጥልሉት። እኔ ቤት ጎመኑ ላይ ጠብ ሲደረግ እንግዳ ሁሉ ይጠይቃል።

«የአትክልት ቅቤ» ተብሎ የሚሸጠውን ጠንካራ ዘይት ግን ለልብ ይሻላል ብላችሁ አትግዙ። ብዙ ጊዜ ከፓልም ነው። ከፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ልክ በቅቤ ውስጥ እንደሚበዛው ደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚጨምር ስብ ነው።

ለልጆችስ?

እዚህ ላይ ጥንቃቄው ይበረታል። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ ከተጨማሪ ምግብ ጋር እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ። ከአንድ ዓመት በታች ላለ ሕፃን የላም ወተትም ሆነ የእህል ወተት የጡት ምትክ ሆኖ አይሰጥም። ጡት የማይጠባ ሕፃን ካለ ከጤና ባለሙያ ጋር ነው የሚመከረው። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ልጅም ቢሆን ወተቱ ሲቀር ቦታው በሻይና በዳቦ ከተሞላ ይጎዳል። ሻይ ምግብ አይደለም። እንቁላል፣ የዳጉሳ ገንፎ፣ ሽሮ፣ ጎመን በደቃቁ ተከትፎ፤ ከተገኘም ዓሣ።

ሌላ የሚጎድል ነገር አለ?

ቫይታሚን ቢ12። ለደምና ለነርቭ ነው። ከእንስሳት ምግብ ውጪ አስተማማኝ ምንጭ የለውም። ጾሞ የሚፈስክ ሰው ብዙም አይሰጋ፤ ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚሆን ያከማቻል። ሥጋም እንቁላልም ወተትም ለዓመታት የማይቀምስ ሰው ግን ኪኒኑ ወይም መርፌው ያስፈልገዋል። እጅና እግር መደንዘዝ፣ የማይለቅ ድካም፣ መርሳት ሲመጣ ምርመራ መጠየቅ ነው። ሥጋ በዓመት በዓል ብቻ በሚገባበት ቤት ቢ12ን ሲያመጣ የኖረው ወተት ሊሆን ይችላል። እዚያ ቤት ወተቱ ሲቀር ሥራውን እንቁላል ቢይዘው ይሻላል።

ጎረቤቴ በመጨረሻ እንዲህ አደረገች። የእንጀራዋን ሩዝ አውጥታ ዳጉሳ አስገባች። ባለቤቷ ትንሽ እርጎ በምሳ ላይ ይወስዳል፤ እስካሁን ሰላም ነው። ግቢው ጥግ ላይ ጎመን ተክላለች፣ ሁለት ዶሮም ገዝታለች። ለትንሹ ልጇ ወተት ትገዛለች፤ ባለላሟ ቤት ድረስ ሄዳ የፋጉሎውን ማስቀመጫ አይታ ከመጣች በኋላ። ወተት ሻጯ ጠዋት ጠዋት እንደ ድሮው በሯን ታንኳኳለች። ግማሽ ሊትር ሰፍራላት ትሄዳለች።